ከአንድ መንጋጋ የዘር ሐረግ ይመዘዛል ወይ?

የመክፈቻው ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደን የውይይት ክር ምላሽ በምላሽ ይቃኛል። ክሩን የከፈተው ሰው በሰላምታና በትሕትና ቢጀምርም ጽሑፉ ከጥያቄ ይልቅ ወደ ክስ ያደላል። የሰውን ዘር አመጣጥ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አንድ የመንጋጋ ስባሪ ወይም ሁለት ጥርስ ባገኙ ቁጥር አዲስ የላቲን ስም ያወጣሉ፤ ዜናው ዓለምን ያዳርሳል፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ስባሪ ይገኝና የቀደመው የዘር ሐረግ ተፍቆ ሌላ ይሳላል ባይ ነው። በማስረጃነት ሦስት ግኝቶችን ይጠቅሳል። ድንቅነሽ የሰው ልጆች ሁሉ እናት ናት ተብሎ እንደተማረ፣ በ2009 አርዲ የተባለችው የ4.4 ሚሊዮን ዓመት አጽም ሙሉ ጥናት ሲታተም ነገሩ እንደተገለበጠ፣ በ2019 ደግሞ አፋር ውስጥ ካለው ወራንሶ-ሚሌ የተገኘው የ3.8 ሚሊዮን ዓመት ራስ ቅል ይፋ ሲሆን የድንቅነሽ ዝርያ ራሱ ከየት መጣ የሚለው እንደገና ማከራከር እንደጀመረ ያስታውሳል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ተሳታፊዎቹ እየቀላቀሉ ስለጻፉ አንድ ወጥ ማድረጉን መርጫለሁ።) መደምደሚያው፣ የዘር ሐረጉ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ሥሩ ያሉት የዕድሜና የቅርጽ ወሬዎችስ በምን ይታመናሉ የሚል ነው።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ችግሩ የተለያዩ ጥያቄዎች አንድ ላይ መጠቅለላቸው ነው፤ አጥንቱ ስንት ዓመቱ ነው፣ ባለቤቱ እንዴት ያለ ፍጡር ነበር፣ ከማን ተወልዶ ማንን ወለደ። ክሩ ያን ያህል የረዘመው እነዚህን ለያይቶ ለማየት ብዙ ምላሽ ስላስፈለገ ነው።

ምላሽ 1

ጠያቂውን ከማመስገንና ይኸው ነገር እሱንም ሲከነክነው እንደኖረ ከመግለጽ ያለፈ ነገር የለውም።

ምላሽ 2

ጡረታ የወጡ የጂኦሎጂ መምህር መሆናቸውን የገለጹ ሰው ጠያቂውን እርስዎ እያሉ፣ በጣም ረጋ ባለ አጻጻፍ፣ ብዙዎች የሚስቱትን ነጥብ ያስቀድማሉ። በሚሊዮን የሚቆጠር ዕድሜ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው አጥንቱ ሳይሆን ከበላዩና ከበታቹ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራዎች በየጊዜው አመድ ሲተፉ፣ አመዱ በሐይቅና በወንዝ ደለል መካከል እንደ ገጽ ተነጥፎ ይቀራል። ከአንድ አመድ በላይ የተገኘ አጥንት ከአመዱ ያንሳል፤ ከበታቹ የተገኘ ደግሞ ይበልጠዋል። አጥንቱ በሁለት አመዶች መካከል ከተገኘ ዕድሜው በሁለቱ መካከል ነው ማለት ነው። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችው ቃዳ ሐዳር ከሚባለው የአመድ ንጣፍ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው፤ የንጣፉ ዕድሜ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲለካ ወደ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ስለተገኘ ድንቅነሽ ከዚያ ጥቂት ታንሳለች ተብሏል።

አለካኩንም ደረጃ በደረጃ ይተነትኑታል። በአመዱ ውስጥ ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ቅንጣቶች አሉ፤ በውስጣቸውም ፖታስየም አለ። ከፖታስየም ጥቂቱ ፖታስየም-40 ሲሆን በዝግታ ይፈርሳል፣ ከሚፈርሰውም ከፊሉ አርገን-40 ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል፤ ግማሹ እስኪፈርስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይወስዳል። ቅልጡ ገና እሳት ሳለ ጋዙ በኖ ይወጣል፤ ማዕድኑ ከረጋ በኋላ የሚፈጠረው አርገን ግን መውጫ አጥቶ እዚያው ይታሰራል። ባለሙያው በአጉሊ መነጽር ሥር ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጠውን ማዕድን በወረንጦ ይለቅምና፣ በሌዘር ጨረር አቅልጦ፣ የሚወጣውን ጋዝ አቶሞችን በክብደት በሚለይ መሣሪያ (ማስ ስፔክትሮሜትር) ይለካል። ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ የሚለኩበትን ምክንያት ሲያስረዱ፣ ጎርፍ ከሌላ ቦታ ያመጣው አንድ የቆየ ቅንጣት ከተቀላቀለ የጅምላ ውጤቱን ያለአግባብ ስለሚያስረጅ ነው ይላሉ። ይህችን ነጥብ ያዟት፤ በኋላ ትመጣለች።

ምላሽ 3 እና 4

ሦስተኛው ተሳታፊ በካርቦን-14 የሚለካ ነገር ሁሉ ስህተት እንደሚበዛበት አንብቤአለሁ ብሎ ይገባል። አራተኛው በጨዋነት ያርመዋል። ካርቦን-14 በ5,730 ዓመት ስለሚጋመስ ከ50,000 ዓመት ገደማ በላይ ላለው ነገር አያገለግልም፤ ድንቅነሽን በካርቦን የለካት ማንም የለም። ሦስተኛው አመስግኖ ወጥቷል፤ በዚህ ክር ውስጥ ታርሞ አመስግኖ የወጣ ሌላ ሰው አላየሁም።

ምላሽ 5

ከሁሉ የወደድኩት ይህን ምላሽ ነው። ጸሐፊው የሚተርከው በኬንያ ከቱርካና ሐይቅ ምሥራቅ፣ ኩቢ ፎራ በሚባለው ስፍራ፣ በ1972 ስለተገኘውና በመዝገብ ቁጥሩ 1470 ተብሎ ስለሚታወቀው ራስ ቅል ነው። ራስ ቅሉ የተገኘው ኬቢኤስ ከሚባል የአመድ ንጣፍ በታች ነበር፤ አመዱ ደግሞ በወቅቱ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ተለክቷል። ይህን ያህል ሰፊ የአንጎል ማኅደር ያለው የሆሞ (የዛሬው ሰው የሚመደብበት) ወገን በዚያን ያህል ጥንት መኖሩ ብዙዎችን አስደነቀ፤ አንዳንዶች የነበረውን የዘር ሐረግ ሁሉ ለመለወጥ ተነሡ።

ጥርጣሬው የመጣው ባልተጠበቀ በኩል ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ የኦሞ ሸለቆ የአመድ ንጣፎች በተከታታይ ተለክተው ስለነበር፣ በየንጣፉ መካከል የተገኙት የእንስሳት ቅሪቶች ዕድሜ ይታወቅ ነበር። ከእነዚያ እንስሳት መካከል የአሳማ ወገኖች የመንጋጋ ጥርሳቸው በአንጻራዊ ሁኔታ በፍጥነት ስለተለወጠ፣ እየረዘመና ከፍታው እየጨመረ ስለሄደ፣ ጥርሱን ያየ ባለሙያ ዘመኑን መገመት ይችላል። ከኬቢኤስ አመድ በታች የተገኙት አሳማዎች ሲታዩ ኦሞ ላይ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሆናቸው አሳማዎች ጋር ገጠሙ። ወይ አሳማው ኬንያ ውስጥ ቀድሞ ተለውጧል፣ ወይ አመዱ በትክክል አልተለካም። ሌላ ቤተ ሙከራ አዲስ ናሙና ወስዶ ሲለካ በጣም ያነሰ ዕድሜ አገኘ፤ ጭቅጭቁ እስከ 1980 አካባቢ ዘልቆ ስምምነት የተደረሰው ወደ 1.9 ሚሊዮን ዓመት ላይ ነው። የአመዱ ኬሚካዊ ቅንብርም ኦሞ ላይ ካለ አንድ የአመድ ንጣፍ ጋር ስለተመሳሰለ ሁለቱ ከአንድ ፍንዳታ የመጡ መሆናቸው ታወቀ። ጸሐፊው ሊያሳይ የፈለገው፣ ስለ ሰው ዘር ምንም የማይጨነቁ የአሳማ ጥርስ አዋቂዎች የፊዚክስ ቤተ ሙከራን ውጤት ማስፈተሽ መቻላቸውን ነው።

ምላሽ 6 እና 7

ስድስተኛው ይህንኑ ታሪክ ገልብጦ ይጠቀምበታል፤ የመጀመሪያው ቤተ ሙከራ ከሳተ የዛሬው እንደማይስት ማን ዋስ ይሆናል ይላል። መምህሩ ተመልሰው በሰባተኛው ላይ ሲመልሱ፣ ከአመድ ጋር የተቀላቀሉ የቆዩ ቅንጣቶች ዕድሜን ሊያስረዝሙ እንደሚችሉ ከላይ የጻፉትን ያስታውሳሉ፤ ቅንጣትን አንድ በአንድ መለካት የዳበረውም ከዚህ ዓይነት ችግር በኋላ ነው ይላሉ። አክለውም አንድ ዕድሜ ተቀባይነት የሚያገኘው አርገኑ፣ የአመዱ ኬሚካዊ መልክ፣ የእንስሳቱ ቅሪትና በድንጋዩ ውስጥ የተቀረጸው የጥንት መግነጢስ አቅጣጫ ሲስማሙ እንደሆነ ይገልጻሉ። የመጨረሻው ነጥብ ተጨማሪ ማብራሪያ የሚገባው ነበር፤ የምድር መግነጢሳዊ መስክ በታሪክ ብዙ ጊዜ ሰሜንና ደቡቡ ተገላብጧል፣ የመጨረሻውም ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። እሳቸው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል።

ምላሽ 8

ፊዚዮቴራፒስት መሆኗን የምትናገር ተሳታፊ ውይይቱን ከዕድሜ ወደ አካል ታዞረዋለች። ከድንቅነሽ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1973፣ እዚያው ሐዳር ላይ የተገኘ የጉልበት መገጣጠሚያ አለ። የጭኑ አጥንት ታችኛው ጫፍና የቅልጥሙ ላይኛው ጫፍ ሲገጠሙ የጭኑ አጥንት ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። በየቀኑ በታካሚዎቿ ላይ የምታየው ይህንኑ ነው። ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም እግሩ ከሰውነቱ ክብደት መሐል ሥር የሚያርፈው በዚህ ዝንባሌ ምክንያት ነው፤ የቺምፓንዚ ጭን አጥንት ግን ቀጥ ያለ ስለሆነ በሁለት እግሩ ሲሄድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንገዳገዳል። ከዚህም በላይ የጭኑ አጥንት ወደ ውስጥ ሲያዘነብል የጉልበቱ ሎሚ ወደ ውጭ የመንሸራተት ጠባይ ስለሚኖረው፣ የሚንሸራተትበት ቦይ የውጭው ከንፈር ከፍ ብሎ ይገድበዋል፤ ይህ ዓይነቱ ከፍታ በሐዳሩም ጉልበት ላይ እንዳለ ትጽፋለች። ለዚህ የዘር ሐረግ አያስፈልግም፤ የጉልበቱ ባለቤት አያታችን ሆነም አልሆነም ቆሞ ይሄድ ነበር።

ምላሽ 9

የላኤቶሊን የእግር ዱካዎች ያነሣል። በ1978 የሜሪ ሊኪ ቡድን በታንዛኒያ ያገኛቸው እነዚህ ዱካዎች በረጠበ የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የታተሙ ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው 3.66 ሚሊዮን ዓመት፣ የተዘረጉበት መስመር ርዝመትም 27 ሜትር ገደማ ነው። ተረከዙ ቀድሞ ያርፋል፣ አውራ ጣቱም ከሌሎቹ ጣቶች ጎን ተሰልፏል። ይህ ጸሐፊ ዱካው የድንቅነሽ ዝርያ ነው ብሎ በእርግጠኝነት መጻፉ ግን ከማስረጃው የቀደመ ነው። በዚያው ስፍራ የዚያ ዝርያ መንጋጋ ስለተገኘ ግምቱ ጠንካራ ነው፤ ቢሆንም ዱካ ስም አይናገርም።

ምላሽ 10

ጠያቂው ተመልሶ መጥቷል። ዕድሜውን ለጊዜው እቀበላለሁ ይልና ወደ ሌላ በር ይሄዳል። ድንቅነሽ 40 በመቶ ተገኝታለች ይባላል፤ እሱ ግን የአጥንቶቹን ፎቶግራፍ አይቶ፣ ከሰው 206 አጥንቶች ጋር አነጻጽሮ፣ ቁጥሩ የተጋነነ ሆኖ አግኝቶታል። የቀረው በምናብ የተሞላ ነው ወደሚል ድምዳሜም ይደርሳል።

ምላሽ 11

ቁጥሩን በተመለከተ ጠያቂው ያየው እውነት መሆኑን ይህ ምላሽ ሳይሸሽ ይቀበላል፤ እንዲህ ያለ ቅንነት በሌሎቹም ቢኖር መልካም ነበር። 40 በመቶ የሚባለው የመዳፍና የእግር ትንንሽ አጥንቶች ሳይቆጠሩ ነው፤ እነሱ ከተጨመሩ ድርሻው ዝቅ ይላል። ነገር ግን በምናብ ተሞላ የሚለውን አጥብቆ ይቃወማል። የሰውነት ግራና ቀኝ የመስታወት ያህል ይመሳሰላሉ፤ የድንቅነሽ የግራ ዳሌ አጥንት ተገኝቷልና የቀኙን ቅርጽ ለማወቅ መገልበጥ ይበቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዚህ ዝርያ አባል እሷ ብቻ አይደለችም። በ1975 ሐዳር ውስጥ በአንድ ስፍራ ቢያንስ የ13 ግለሰቦች ከ200 በላይ ቅሪቶች ተለቅመዋል፤ የእጅና የእግር አጥንቶችም አሉበት። በ2000 ዲኪካ ላይ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘችው የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ሕፃን ሰላምም ፊቷን፣ የጀርባ አጥንቷንና የትከሻዋን አጥንት ጭምር ይዛ ነው የተገኘችው። የድንቅነሽ ጉድለት የሚሞላው በዘመዶቿ ነው።

ምላሽ 12

የጥርስ ሐኪም ነኝ የሚል ሰው የመክፈቻውን ጽሑፍ ዋና ቅሬታ፣ ማለትም ከጥርስ ምን ይታወቃል የሚለውን፣ እስካሁን ማንም እንዳልመለሰ ጠቅሶ ይጀምራል። ጥርስ በዝቶ የሚገኘው ኢናሜል የሚባለው ሽፋን ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ የጠነከረ ስለሆነ ነው። ወንድ ቺምፓንዚ አፉን በገጠመ ቁጥር የላይኛው ክራንቻው የኋላ ጠርዝ ከታችኛው የመጀመሪያ ደቃቅ መንጋጋ ጥርስ ጋር እየተፋጨ ይሳላል፤ ስለዚህ ክራንቻው ረጅምና እንደ ቢላ ስለታም ሆኖ ይቀራል። በሰው ወገን ግን ክራንቻ አጭር ነው፤ የሚበላውም ከጫፉ ነው። አንድ ክራንቻ በጣቶቹ መካከል ይዞ የመበላቱን ገጽ የሚመለከት ባለሙያ ጥርሱ ከየትኛው ወገን እንደመጣ ብዙ ሊናገር ይችላል። ከዚህም ሌላ በኢናሜሉ ውስጥ ያለው የካርቦን አይሶቶፕ (በክብደት የሚለያዩ የካርቦን ዓይነቶች) መጠን ባለቤቱ በልጅነቱ የተመገበው የዛፍና የቁጥቋጦ ውጤት ይሁን ወይስ የሞቃት አገር ሣር ዓይነት ተክል ይለያል፤ ሣር የሚበላ እንስሳ ሥጋም ያንኑ ምልክት ይተዋል። የጥርስ ሐኪሙ ራሱ ወሰን ያበጅለታል፤ ጥርስ ወገንንና አመጋገብን ይናገራል፣ ማን ማንን እንደወለደ ግን ብቻውን አይናገርም።

ምላሽ 13

እዚህ ላይ ጨዋነቱ ይሰበራል። እስካሁን ሁሉም ጠያቂውን እርስዎ ሲሉት የቆዩ ሲሆን ይህ ሰው በቀጥታ አንተ ብሎ ይነሣል፤ መማር የማይፈልግ ሰው በጥያቄ ስም ሌሎችን ያደክማል፣ መልስ ሲሰጠውም በር እየቀያየረ ይሸሻል ይለዋል። ምንም አዲስ መረጃ ስለሌለበት ብዙ አልልበትም። ጠያቂው በር መቀያየሩ እርግጥ ነው፤ ግን የሄደባቸው በሮች ሁሉ ባይከፈቱ የጥርሱም የጉልበቱም ትንታኔ አይጻፍም ነበር።

ምላሽ 14

ጠያቂው በአንተታው ተቆጥቶ መሣሪያውን ሁሉ ያወጣል። በ1912 እንግሊዝ ውስጥ ይፋ የተደረገው የፒልትዳውን ራስ ቅል የሰውን ቅል ከኦራንጉታን መንጋጋ ጋር በማጣመር፣ ጥርሱን በሞረድ በመከርከምና ቀለም በመቀባት የተሠራ ማጭበርበሪያ ነበር፤ ለአርባ ዓመታት ሊቃውንቱ ሲያከብሩት ኖሩ። ያኔ ከተታለሉ ዛሬስ ይላል።

ምላሽ 15

መልሱ የሚመጣው አጥንት ጥናት ከሚማር ሰው ነው፤ ስለታም ቢሆንም ከስድብ የራቀ ነው። ፒልትዳውንን በ1953 ያጋለጡት ራሳቸው ሳይንቲስቶች ናቸው። አጥንት መሬት ውስጥ ሲቆይ ፍሎሪን ከከርሰ ምድር ውኃ ይመጥጣል፤ አብረው ተቀበሩ የተባሉት ቅልና መንጋጋ የጥንት ቅሪት ሊኖረው የሚገባው ፍሎሪን አልተገኘባቸውም። ማጭበርበሩን ያቆየውም የሚጠበቀውን መምሰሉ ነው፤ አንጎል ቀድሞ አደገ፣ ሌላው ኋላ ተከተለ የሚል እምነት ነበርና። በአንጻሩ ሬይመንድ ዳርት በ1925 ከደቡብ አፍሪካ ያሳወቀው የታውንግ ሕፃን ትንሽ አንጎልና የሰው የሚመስል ጥርስ ስለነበረው፣ ኅብለ ሰረሰር የሚያልፍበት የራስ ቅሉ ቀዳዳ አቀማመጥም ቀጥ ብሎ መቆምን ስለሚያመለክት፣ ለሃያ ዓመታት ያህል በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት አጣ። ሐሰተኛው ተከብሮ እውነተኛው ተገፋ። ከዚያ በኋላ የተገኙት ሁሉ፣ ድንቅነሽንም ጨምሮ፣ መራመድ ከአንጎል ማደግ እጅግ እንደቀደመ አሳዩ። በእኔ ግምት የዚህ ክር ጠንካራው ክርክር ይህ ነው፤ ጠያቂው ግን አልመለሰለትም።

ምላሽ 16

ሌላ ተሳታፊ ተመራማሪዎች ዛሬም ይጣላሉ ብሎ የ2016ቱን ክርክር ያመጣል። ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ የድንቅነሽን አጥንቶች በሲቲ ስካን መርምረው፣ በላይኛው ክንዷ ላይ ያሉት ስብራቶች ከከፍታ ወድቆ እጁን ዘርግቶ ከሚያርፍ ሰው ጉዳት ጋር ስለሚመሳሰሉ ከዛፍ ወድቃ ሞታለች አሉ። ፈላጊዋ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ኋይት ግን አልተቀበሉትም፤ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ለሚሊዮን ዓመታት ደለል በተጫነው የጉማሬም የዝሆንም አጥንት ላይ ሞልቷል ባዮች ናቸው። ልብ በሉ፤ ክርክሩ የሞተችበትን ምክንያት እንጂ ዕድሜዋን ወይም በሁለት እግር መሄዷን አይነካም።

ምላሽ 17 እና 18

አሥራ ሰባተኛው ጉዳዩ ከእምነቱ ጋር እንደማይስማማ ይገልጻል፤ አገላለጹ ጨዋ ነው። የመድረኩ አስተባባሪ በአሥራ ስምንተኛው ላይ እምነት ነክ ሙግት ለብቻው ክር እንዲከፈትለት፣ እዚህ ግን የአጠናን ዘዴው ብቻ እንዲነሣ ይጠይቃል። በነገሩ ላይ ማንም አልተከራከረም።

ምላሽ 19

ከርዕሱ ጥቂት ወጣ ይላል። ዜናዎች የውጭ ተመራማሪዎችን ስም ብቻ ሲያጎሉ ማየት እንደሰለቸው ይጽፍና ስሞች ይደረድራል፤ በ1994 የአርዲን የመጀመሪያ የእጅ አጥንት ያገኘው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ፣ የመካከለኛው አዋሽን ጥናት ከመሩት አንዱ ብርሃነ አስፋው፣ ጎና ላይ የ2.6 ሚሊዮን ዓመት የድንጋይ መሣሪያዎችን ያጠናው ስለሺ ሰማው፣ በ2013 ሌዲ-ገራሩ ላይ የ2.8 ሚሊዮን ዓመቱን የሆሞ መንጋጋ ያገኘው ቻላቸው ሥዩም። የወራንሶ-ሚሌውን ራስ ቅል የላይኛ መንጋጋ ቀድሞ ያየው የአካባቢው ሰው እንደሆነም ያክላል። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ በዳገቱ ላይ መሬት መሬቱን እያየ የሚለቅመው ሰው ካልኖረ ቤተ ሙከራው የሚለካው ነገር አይኖረውም።

ምላሽ 20 እና 21

ሃያኛው ለምን በዘረ መል አይጣራም፣ ነገሩ ሁሉ ያበቃል ይላል። ሃያ አንደኛው ሲመልስ ዲኤንኤ በሙቀት በፍጥነት ስለሚፈርስ ከሐዳርና ከመሰሎቹ ቅሪቶች እንዳልተገኘ ያስረዳል። እስካሁን ከሰው ወገን የተነበበው የቆየው ዲኤንኤ በስፔን ዋሻ የተገኘው የ430,000 ዓመት ገደማ ነው፤ የተረፈውም ዋሻው ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። ከኢትዮጵያ ሞጣ ዋሻ የተነበበውና በ2015 የታተመው የአንድ ሰው ሙሉ ዘረ መል 4,500 ዓመት ብቻ ያለው ነው። ይህ ጥናት ሲታተም ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አፍሪካ የተመለሰው ዘር እስከ ምዕራብና ደቡብ አፍሪካ እንደደረሰ አመልክቶ ነበር፤ አዘጋጆቹ ግን በስሌቱ ላይ የነበረ ግድፈት ሲታወቅ ይህን ክፍል በ2016 አርመውታል። የዛሬ ሰዎችና የቺምፓንዚዎች ዘረ መል ሲነጻጸር የሁለቱ መለያየት ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሊሆን እንደሚችል ይገመታል፤ ከቻድ የተገኘው ቱማይ የተባለው ራስ ቅልም በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። የሁለቱ መቀራረብ ከአጥንቱ ጎን ለጎን የቆመ ሌላ ምስክር ነው።

ምላሽ 22

አጥንት ጥናት የሚማረው ሰው ተመልሶ የመክፈቻውን ሦስተኛ ምሳሌ ይፈታል። ከ2019 በፊት የነበረው ሰፊ ግምት አውስትራሎፒቲከስ አናሜንሲስ የሚባለው ዝርያ በዝግታ ሙሉ በሙሉ ወደ ድንቅነሽ ዝርያ ተለወጠ የሚል ነበር። የወራንሶ-ሚሌው ራስ ቅል የአናሜንሲስን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳይ፣ ቀደም ብሎ የተገኘ አንድ የ3.9 ሚሊዮን ዓመት የግንባር አጥንት ከአናሜንሲስ ይልቅ የድንቅነሽን ዝርያ መምሰሉ ታየ። እንግዲያው ሁለቱ ዝርያዎች ቢያንስ ለ100,000 ዓመታት አብረው ኖረዋል ማለት ነው። አንዱ ከሌላው ቅርንጫፍ ሆኖ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የግንባሩ አጥንት የማን ነው የሚለውን ያልተቀበሉ ባለሙያዎችም አሉ። የተለወጠው በሁለቱ መካከል የተሰመረው መስመር እንጂ የየትኛውም አጥንት ዕድሜ ወይም ቅርጽ አይደለም፤ ጠያቂው ግን አንዱ ሲነቃነቅ ሁሉም እንደፈረሰ ቆጥሮታል ይላል።

ምላሽ 23

ጠያቂው በመጨረሻ ለክርክሩ የሚመጥን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። መሸነፉንም መስማማቱንም አይገልጽም። በ2012 ከወራንሶ-ሚሌ ቡርተሌ የሚባል ስፍራ የ3.4 ሚሊዮን ዓመት የእግር አጥንቶች ይፋ እንደተደረጉና አውራ ጣታቸው እንደ አርዲ ቅርንጫፍ ሊጨብጥ የሚችል እንደነበረ አንብቧል። የድንቅነሽ ዝርያ በዚያው ዘመን በዚያው አካባቢ የተሰለፈ አውራ ጣት ይዞ ከኖረ ይህ እግር የማን ነው፣ ስምስ ያልተሰጠው ለምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል።

ምላሽ 24

መልሱ አጭርና ጥንቁቅ ነው። ለዓመታት ስም ያልተሰጠው፣ ዝርያ በአብዛኛው የሚታወቀው በራስ ቅልና በጥርስ ስለሆነ፣ እግር ብቻውን ለስያሜ ስለማይበቃ ነው፤ በመክፈቻው ከተባለው በተቃራኒ ተመራማሪዎቹ ስም ለማውጣት አልቸኮሉም። በ2015 ከዚያው አካባቢ ለተገኙ መንጋጋዎች አውስትራሎፒቲከስ ዴይረመዳ የሚል ስም ተሰጣቸው፤ እግሩን ግን ያኔም አላካተቱትም። በ2025 ተጨማሪ ጥርሶችና መንጋጋ ከቡርተሌ ከታተሙ በኋላ ነው የዮሐንስ ኃይለሥላሴ ቡድን እግሩን ለዚህ ዝርያ የሰጠው፤ የጥርሶቹ የካርቦን አይሶቶፕም ምግባቸው በዋናነት ከዛፍና ከቁጥቋጦ እንደነበረ፣ የድንቅነሽ ዝርያ ግን ሣር ነክ ምግብንም እንደሚቀላቅል አመልክቷል። እግሩና ጥርሶቹ በአንድ ግለሰብ አካል ላይ እስካልተገኙ ድረስ ግን ስያሜው ከቦታና ከዘመን አንድነት የተወሰደ ግምት ነው። ከዚያው ንጣፍ ጥርሱንም እግሩንም አብሮ የያዘ አጽም ቢወጣና አውራ ጣቱ ተሰልፎ ቢገኝ ስያሜው ይወድቃል።